ኦርቪል የመረጠው ጫፍ

ኦርቪል ጉንደርሰን ሚስቱን ለመምረጥ አንድ የዳንስ ምሽት በቅቶታል። የፍላጻ ጫፍ ለመምረጥ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ፈጅቶበታል። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ከምርጫው አንድ ቀን እንኳ አላመለጠኝም።

በእኛ በሰሜን ዊስኮንሲን ሰው በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚጸልይ ማንም አይጠይቅም። በቀስት አጋዘን በሚያድኑት ዘንድ ግን ሁለት ሃይማኖት አለ። አንደኛው ወገን ምላጩ ከጫፉ ጋር ተጣብቆ ከተሠራው፣ ከማይንቀሳቀሰው ሌላ አያምንም። ሁለተኛው የሚሰብከው ሲበር ምላጩን እንደ ጃንጥላ አጥፎ፣ የአጋዘኑን ቆዳ ሲነካ የሚዘረጋውን ነው። ኦርቪል ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ብቻ አራት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላልሷል። በተመላለሰ ቁጥር ትናንት የተዋቸውን መናፍቃን ይላቸዋል።

ያለፈው ዓመት ነገር ባይኖር ዘንድሮም በዚሁ እንስቅ ነበር። ኦርቪል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያደነው በሚስስ ፕሪቢል የፖም እርሻ ውስጥ፣ ከአንድ ያረጀ ዛፍ ላይ በሰንሰለት ባሰረው ማማ ተቀምጦ ነው። አምና አንዲት አጋዘን ጭኗን ወግቶ ጠፋችበት። በአምስተኛው ቀን ሚስስ ፕሪቢል ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከነፍላጻው ተነፍታ ጉድጓዷ አጠገብ አገኘቻት። ሴትዮዋ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኦርቪልን አራተኛ ክፍል አስተምራዋለች። አስጠርታ በረንዳው ላይ አቆመችው።

"ኦርቪል፣ ከእንግዲህ አንዲት አቁስለህ ካጣሃት ማማህን ነቅለህ ትወጣለህ። ገባህ?"

"ገብቶኛል ሚስስ ፕሪቢል። ግን ይመኑኝ፣ ጥፋቱ የጫፉ ነው እንጂ..."

"ሂሳብ ስትወድቅም ጥፋቱ የእርሳሱ ነበር።"

እንግዲህ የምርጫው ምክንያት ይህ ነው። ኦርቪል ያንን ማማ ከሚያጣ አንድ ጥርሱን ቢያጣ ይመርጣል። ስለዚህ በከተማው ሱቅ ያለውን የጫፍ ዓይነት ሁሉ ወደ ጋራዡ አጋዘው። ሐብሐብ ላይ ተኮሰ። አሮጌ ጣውላ ላይ ተኮሰ። የተጣለ የፍሪጅ በር ከቆሻሻ መጣያ ጎትቶ አምጥቶ እሱም ላይ ተኮሰ። ለሁሉም ነጥብ እየሰጠ በደብተር ጻፈ።

ሚስቱ ዳርሊን አንድ ቀን በኩሽናው መስኮት ብቅ ብላ፣ "ፍሪዘሬን ብቻ እንዳትነካ!" አለችው።

"ባዶ ፍሪዘር ምን ይጎዳል?"

"ባዶ ያደረገው ማን ሆነና!"

እኔ ደግሞ፣ "ከከፍታ ላይ ሆነህ መተኮስ ተለማምደሃል ወይ? አምና ጭኗን የመታኸው እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው እኮ" አልኩት።

"መተኮሱ ይደርሳል፣ ፕሮፌሰር። መጀመሪያ ብረቱ።"

ፕሮፌሰር የሚለኝ አላዋቂ ለማለት ሲፈልግ ነው። ሙሉ ዕድሜዬን ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሰው ፈቃድ ሳስተምር ኖሬ የኦርቪልን ያህል ያስተማረኝ የለም። የሚመርጥ ሰው ገና አልተሳሳተም። ምርጫውን እስካራዘመ ድረስ ንጹሕ ነው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። ኦርቪል ከግንቦት ጀምሮ በዚህ ንጽሕና ውስጥ ተደላድሎ ኖረ።

በመስከረም የሚዘረጋው ወገን አሸነፈ። በእሽጉ ውስጥ አራት ጫፎች አሉ። ሦስቱ ለአደን ናቸው። አራተኛው ለልምምድ ነው፤ መልኩ ከሦስቱ አይለይም፤ ምላጩ ግን ደነዝ ነው፣ እንዳይዘረጋም በጤፍ ፍሬ ልክ በሆነች ብሎን ታስሯል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኦርቪልም ያውቀዋል፤ ሳይለመን ለሰው የሚያስረዳ እሱ ነው። ነገር ግን ያን ለት ወርቅ የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን ገዝቶ ስለነበር ቸኮለ፤ አራቱንም አንድ ሳህን ላይ ዘረገፋቸው።

"መቶ ግሬን ነው መመዘን ያለበት" አለኝ። "ይሄ ያንሳል... ይሄ ይበልጣል... ይሄም ይበልጣል... ና! ና እይ! መቶ! አይበልጥ፣ አይጎድል!"

መዳፉ ላይ አሾረው፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ላየው እጄን ስዘረጋ ጮኸብኝ።

"አትንካው! የጣት ወዝ ስለት ያደነዝዛል!"

አልነካሁትም። እሱም ስለቱን አልነካውም። ስለቱ እንዳይበላሽ ብሎ ኢላማ ላይ እንኳ ሳይሞክረው በመጀመሪያው ፍላጻ ላይ አሰረው። ያ ምስኪን ብረት በዚህ ዓለም የተፈጠረበትን ብቸኛ ሥራ ተከለከለ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

"መታኋት፣ ፕሮፌሰር! ከትከሻዋ ጀርባ፣ ልክ ያነጣጠርኩበት!"

እውነትም እጁ ያን ለት አልተንቀጠቀጠም። እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን፣ ቀስ ብለን ወደ ቦታው ሄድን። ፍላጻው አጋዘኗን በስቶ አልፎ መሬት ላይ ተተክሎ ነበር። ላዩ ላይ የነበረው ደም ስስ ነው። ኦርቪል ጫፉን ቀና አድርጎ አየው፤ ጃንጥላው እንደታጠፈ ነው።

"ለምን አልተዘረጋም?" አልኩ።

ኦርቪል ለመጀመሪያ ጊዜ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አደረገ፣ ተጫነው፣ ጎተተው። ጣቱ አልተቆረጠም። ከዚያ ብሎኗን አያት።

"አራቱንም አንድ ላይ ነው የመዘንኳቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሥራ አንድ የደም ጠብታ ቆጠርን። ከዚያ ረግረጉ ጀመረ፣ ደሙም ቆመ። በማግስቱ ጠዋት የሰው ውሻ ተውሰን እስከ እኩለ ቀን ፈለግን። ውሻዋም ሰለቻት። እኛ ስለ ብሎን ስንነጋገር፣ ትከሻዋ ጀርባ ጠባብ ቀዳዳ ይዛ በዚያ ሸንበቆ ውስጥ የሆነ ቦታ ነበረች፤ ወይ እየሞተች፣ ወይ ደግሞ ሳትሞት።

"ሚስስ ፕሪቢል አላዩም" አለ ኦርቪል፣ ከጫማው ላይ ጭቃ እየፋቀ።

"አላዩም።"

"ውሻዋም አትናገርም።"

ኦርቪል ጭቃውን ፍቆ ጨረሰ፣ ፍላጻውን አነሳና ወደ ሚስስ ፕሪቢል በረንዳ አቀና። በመንገድ ላይ ጫፉን የሠሩትን ሰዎች ሲራገም ሰማሁት፤ የልምምዱን ጫፍ ቀይ ቀለም መቀባት ነበረባቸው ይላል። በሩ ሲከፈትም በዚያው ጀመረ።

"ሚስስ ፕሪቢል፣ እነዚህ ሰዎች..."

ሴትዮዋ ከተማሪ ማስቲካ እንደምትቀማ አስተማሪ እጇን ዘረጋች። መነጽሯን አድርጋ ጫፉን አገላበጠች፤ አንድ ጊዜ በአውራ ጣቷ ነካችው፣ በቃት።

"አገኘሃት?"

"አላገኘኋትም።"

"ከአራቱ ይሄን ለምን መረጥክ?"

"ልክ መቶ ስለመዘነ።"

"መልስህ ትክክል ነው" አለች። "አምና የተጠየቅከው ግን እሱን አልነበረም።"

ኦርቪል ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ማማውን መቼ ልንቀል?" አላት።

"ነገ። ፕሮፌሰሩ መሰላል ይያዝልህ።"

በነጋታው ሦስት ዓይነት መፍቻ ይዞ መጣ። መሰላሉ ላይ ቆሞ የትኛው ለዛገ ብሎን እንደሚሻል ያስረዳኝ ጀመር። ሦስቱም አልሠሩም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰንሰለቱ የዛፉ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ ተውጧል። ሚስስ ፕሪቢል ከጓሮ ወጥታ አንድ የብረት መጋዝ አቀበለችው።

"ያለኝ ይሄ ብቻ ነው" አለችው።

ኦርቪል ስለቱን በጣቱ ሞከረ። ከዚያ መቁረጥ ጀመረ።