የሚስ ሎሬታ ርስት

ባለፈው እሑድ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጧፍ ገዛሁና ሳላበራው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የሰም ሽታ፣ ከሥሩም የጥጥ ክር። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ቅዳሴ ይታወሰው ይሆናል። እኔን የወሰደኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ ቀይ ጡብ አፓርታማ፣ ከእኛ በር ትይዩ ወዳለው ኩሽና ነው። እዚያ ሚስ ሎሬታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው የአደን ደጋናቸውን ክር ሰም ይቀቡ ነበር። ሰሙን ክሩ ላይ አስኪደው በሁለት ጣታቸው ያሹታል፤ ክሩ ሲሞቅ ሽታው ኮሪደሩን አልፎ እኛ ቤት ይገባል።

ሚስ ሎሬታ የደቡቡ ክፍለ ግዛት የጆርጂያ ገጠር ሰው ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ሥራቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት። ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው ብለው ስለሚያምኑ እናቴን "ሚስ አልማዝ" ነበር የሚሏት። እናቴ ደግሞ "እዚህ አገር አንቱታ የገባው ሰው አገኘሁ" እያለች ትደሰት ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአባታቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው በታች አባታቸው በገዛ እጃቸው ከአንድ እንጨት የቀረጹት ደጋን አለ።

መሬታቸውን የገለጹልን በጠረጴዛችን ላይ ነው። የጨው ዕቃውን ወንዝ አደረጉት፤ ሲኒዎቹን ፒካን የሚባሉ የለውዝ ዛፎች፤ ማንኪያውን የጥድ ጫካ። ከስኳሩ አጠገብ የወላጆቻቸው መቃብር ነበር። አያታቸው ጥጥ እየለቀሙ የገዙት መሬት ነው፤ አባታቸው ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለእሳቸውና ለታናሽ ወንድማቸው ለክላይድ፣ ሳይከፋፍሉ ትተውታል።

እናቴ ጠረጴዛውን ተመለከተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ "ይሄማ ርስት ነው" አለች። "ንገሪያቸው። እኛም አገር እንዲህ ያለ መሬት አይሸጥም።"

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሚስ ሎሬታ ከጆርጂያ አደን ሲመለሱ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ በቀይ ክር የታሰረ የአጋዘን ስጋ ያመጡልን ነበር። እናቴ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ በሳምንቱ "በጣም ይጣፍጣል" ትላለች። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ስጋ ግን ቤታችን አይበላም። ስጦታ መጣልም ነውር ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ፍሪዘር ይገባል።

አንድ ቅዳሜ በረዶ አልቆባቸው እኛ ዘንድ መጡ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር "ይክፈቱት፣ የቤት ሰው ነዎት" አለቻቸው። ከፈቱት። የሦስት ዓመት ስጋ ከነቀይ ክሩ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል።

"ሚስ አልማዝ" አሉ ወደ ውስጥ እያዩ፣ "አጋዘኔ ይህን ያህል መጥፎ ነው?"

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እንግሊዝኛዋ ሲከዳት እኔ እያገዝኳት የአራረዱን ሥርዓት ነገረቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሳቸው የፍሪዘሩን በር ይዘው ሳቁ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ይጣፍጣል ስትይኝ!"

"ይሉኝታ ነው" አለች እናቴ፤ ለዚህ ቃል እንግሊዝኛ አላገኘችም። ትርጉሙን ስነግራቸው ሚስ ሎሬታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱማ ጆርጂያም ሞልቷል። ስም አላወጣንለትም እንጂ። ለመሆኑ የእናንተ አዳኞች ምን ያደርጋሉ?"

"አባቴ ድኩላ ሲያድኑ ስሙን ጠርተው ነበር የሚተኩሱት። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።"

"እኔም የተጠመቅኩት በዚሁ ስም ነው። ግን አጋዘን ጆሮው ስል ነው፤ በሹክሹክታ ይሆናል?"

"እግዚአብሔር ሹክሹክታም ይሰማል። በራስዎ ቋንቋ ይበሉት።"

"አይ፣ አንቺ የምትበይው ከሆነ በአንቺ አፍ ይባል።" ያን ቀን በረዶውን ረስተው "በስመ አብ" እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እናቴ በማግሥቱ የነፍስ አባቷን ጠየቀች። ቄሱም "ስሙን ጠርታ ከጣለችው ብሉ፤ ጾም እንዳይሆን ብቻ" አሏት።

በዚያው ክረምት ሚስ ሎሬታ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ በረዶ አንሸራተታቸውና ቀኝ ትከሻቸው ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ አውቶቡስ መንዳት እንደሚችሉ፣ የደጋኑን ነገር ግን ቢረሱት እንደሚሻል ነገራቸው።

ወንድማቸው የደወለው እናቴ ሾርባ ይዛ እኔም ተከትያት ቤታቸው ሳለን ነው። እጃቸው ታስሮ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውታል።

"ሎሬታ፣ እውነቱን እናውራ" አለ ክላይድ። "እዚያ የሚኖር ሰው የለም። አንድ የእንጨት ካምፓኒ መሬቱን ሊገዛ ዝግጁ ነው። አንቺ የምትመጪው በዓመት አንዴ ለአጋዘን፤ አሁን ደግሞ ማንኪያ ማንሳት አቅቶሻል።"

"ማንኪያማ አነሳለሁ። የከበደኝ ያንተ ወሬ ነው።"

"እንግዲያው እንወራረድ። አባባ ምን አለ? ከመሬቱ እየበላችሁ እስከተሰበሰባችሁ ድረስ አትሽጡት አለ። ዘንድሮ በታንክስጊቪንግ በዓል ገበታ ላይ በአባባ ደጋን፣ በራስሽ እጅ ያመጣሽው ስጋ ካለ፣ የመሸጥ ነገር ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ከሌለ ግን ትፈርሚያለሽ።"

ሚስ ሎሬታ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያም ወደ እናቴ አዩ። እናቴ የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር፤ የደከመ ክንድ ማንቀሳቀስ የዘወትር ሥራዋ ነው። ሾርባውን አስቀምጣ "እሺ ይበሉት" አለች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እሳቸው ቤት ሆነ። የላስቲክ ገመድ በበሩ እጀታ ላይ አስራ ታስጎትታቸዋለች፤ ትከሻቸውን በሞቀ ዘይት ታሻለች።

"አንዴ ደግሞ!"

"ሚስ አልማዝ፣ አንቺ ከሐኪሙ ትብሻለሽ።"

"ሐኪሙ ርስት የለውም። አንዴ ደግሞ!"

በጋው ሲጋመስ ደጋኑን አነሱት። ክሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ደጋኑን መልሰው ሰቀሉትና "ይበቃኛል፤ እፈርምለታለሁ" አሉ። ፊታቸው ላይ እንባ አልነበረም፤ ከእንባ የባሰ ነገር ነበር። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ ደጋኑን አወረደችና እጃቸው ላይ አኖረችው። እንደገና ሳቡ። መስከረም ላይ ክሩ አገጫቸው ደረሰ። ጥቅምት ላይ ሎረል ከተማ አጠገብ ያለ የቀስት መለማመጃ ሜዳ ሄደን፣ ቀስታቸው የሣር ኢላማው መሀል "ጡብ" ብሎ ሲቀር እናቴ እልል አለች። ሌሎቹ ተኳሾች ደጋናቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ጆርጂያ ነበርን፤ መኪናውን የነዳችው እናቴ ናት። ክላይድ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ጠበቀን። አጠገቡ ያለው የበረዶ ሣጥን ውስጥ ለበዓሉ ከሱቅ የተገዛ ተርኪ፣ ያን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ፣ አስቀምጧል። ሚስ ሎሬታ ሰላም ብለውት፣ ደጋናቸውን አንግተው ብቻቸውን ወደ ጥዱ ጫካ ገቡ።

ሰዓቱ አልሄድ አለ። ክላይድ የሣጥኑን ክዳን እየከፈተ ይዘጋል።

"ሚስ አልማዝ፣ ተርኪ ትወጃለሽ?"

"አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ክላይድ። አጋዘን እየጠበቅኩ ነው።"

"እንግዲያው ሳትርቢ አትቀሪም።"

"ጾም ለምጃለሁ" አለች እናቴ።

ጫካ ውስጥ የሆነውን አላየሁም፤ የማውቀው ሚስ ሎሬታ ራሳቸው የነገሩንን ነው። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከወንዙ ማዶ መጥቶ ቆመ። ክሩን ሳቡ፤ ትከሻቸው እንደ እሳት ነደደ። ሐኪሙም ክላይድም ከጭንቅላታቸው ወጡ። "በስመ አብ" ብለው ለቀቁ።

እኛ የሰማነው ደወሉን ነው። ከጎተራው አጠገብ የቆመ አሮጌ የብረት ደወል ነበር፤ በቤተሰቡ ልማድ የሚደውለው አደን የቀናው ሰው ብቻ ነው። ፀሐይ ከጥዶቹ አናት ስትወርድ ያ ደወል ጮኸ። በረንዳው ላይ ያለን ሁላችን ብድግ አልን። ሚስ ሎሬታ ገመዱን የሚስቡት በቀኝ እጃቸው ነበር። በዚያ በተቀደደው ትከሻ ይስባሉ፣ ይደውላሉ፣ አሁንም ይስባሉ።

ክላይድ ባርኔጣውን አወለቀ። "አባባን መሰልሽ" አላቸው። ከዚያ ተርኪውን ከነሣጥኑ ለጎረቤት ሰጥቶ አጋዘኑን ሊያመጣ ወደ ጫካው ሄደ። ያን ምሽት እናቴ ጉበቱን በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው፤ መጀመሪያ የቀመሰችውም እሷ ናት። ሚስ ሎሬታ አፏን እያዩ ጠበቁ።

"ይጣፍጣል" አለች እናቴ።

"ይሉኝታ ነው?"

"አይደለም" ብላ ደግማ ጎረሰች።

ሚስ ሎሬታ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የተቀበሩት እዚያው፣ ከወላጆቻቸው ጎን ነው። መሬቱ አልተሸጠም፤ ክላይድ በሽምግልናው ቤቱን አድሶ ይኖርበታል።

ባለፈው ኅዳር እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የሚስ ሎሬታ የልጅ ልጅ ቴሳ በፒካኖቹ ሥር ያንኑ ደጋን ይዛ ኢላማ ትለማመዳለች። አማርኛ አታውቅም፤ ሲልቨር ስፕሪንግንም አይታው አታውቅም። ክሩን ወደ አገጯ ስባ፣ በዚያ ዝግ ባለ የጆርጂያ አነጋገር "በስመ አብ" ስትል ሰማኋት።

ቃሉን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት።

"የአያቴ ነው" አለች ዓይኗን ከኢላማው ሳታነሳ። "ይህን ሳትይ ከለቀቅሽ፣ ከገበታው ሳይበላ የሚነሳ እንግዳ ይኖራል።"

ለቀቀችው። ቀስቱ ኢላማው መሀል ተሰክቶ ቀረ።