አራት ማተብ

የቀን ፈረቃ ሲወጣ በክር ፋብሪካው በር ላይ፣ በሴቶቹ መፈተሻ በኩል፣ አራት ነበርን። የፈረቃችን ካቦ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከዘበኞቹ ቤት ፊት ቆሟል። ሴቶችን የሚፈትሹት እትዬ ከበሩ ምሰሶ አጠገብ፣ እኔ ከፊታቸው፣ አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ከኋላዬ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና። የሚያስቃትን እኔም አውቃለሁ። አንገቴ ላይ የተሰረቀ ክር አለ።

ያን ጊዜም ቢሆን አቃቂ ውስጥ ክር ከሱቅ አይጠፋም ነበር። ግን የእህቴ ልጅ እሑድ ክርስትና ይነሣል፤ ማተቡ እኔ በማሽኔ ካጠነጠንኩት ጥቁር ክር እንዲሆን ፈለግሁ። ትዕቢት ነው። ሦስት ዘለላ ቆርጬ ከራሴ ማተብ ጋር አሰርኩት፤ ማተብ የሚበጥስ ክርስቲያን የለም ብዬ። ክር ይዞ የተገኘ ግን ያንኑ ቀን ይባረራል። እናቴና ታናናሾቼ የሚኖሩት ደግሞ በእኔ ሥራ ነበር።

እትዬ ብብቴንና ወገቤን ዳበሱ። ከዚያ ጣታቸውን ማተቤ ሥር አስገብተው ቀጥ አሉ። ሲቆጥሩ ተሰማኝ።

«ምንድን ነው?» አለ ካቦው።

እትዬ እንደማይዋሹ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ማተብ ነው» አሉ።

ካቦው አንገቱን አስግጎ አየ። «አራት?»

«ኃጢአቷ ብዙ ነው።»

ካቦው ስቆ ወደ ወንዶቹ ሰልፍ ዞረ። ጓደኛዬን ከኋላዬ ሳል ያዛት።

«ለማን ነው?» አሉኝ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለእህቴ ልጅ። እሑድ አርባው ነው።»

«ስትወስጂ እግዜርን አልፈራሽም?»

«ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ።»

«ከወሰድሽ በኋላ?»

«በፊት።»

«እና ምን አለሽ?»

«ዝም አለኝ።»

«ዝም ያለሽ የፈቀደልሽ መሰለሽ?»

በምሕረቱ ታምኜ የምኖር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንደ ሰነፍ ተማሪ አስቀድሜ ፈቃድ ስወስድ ነው የኖርኩት።

«ልፍታው?» አልኩ።

«ካቦው ዞር ቢልስ? ሁለታችንም መባረራችን ነው።» ማተቤን ልብሴ ውስጥ መልሰው ሸጎጡት። «ቅዳሜ ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ። ስግደት ማዘዛቸው አይቀርም። እኔም ሄጄ የድርሻዬን እቀበላለሁ። እውነቱን ግማሹን ነው የተናገርኩት።»

ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ደረጃ ሲወጡ እንኳ እንደሚያቃስቱ አውቃለሁ።

«የእርስዎንም እኔ ልስገድልዎ፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ የራስሽን ጨርሺ። የእግዜር ምሕረት አያልቅም፤ የእኔ ግን ይቺው ናት። ከነገ ጀምሮ ከሁሉ በፊት የማየው አንገትሽን ነው።»

ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙኝ። ወጣሁ።