ጥምጣሙን የያዙት እጆች

ቢቸና ያሉት አባቴ ቄስ ናቸው። ፊዚዮቴራፒ ልማር መሆኑን የነገርኳቸው ዕለት ስለ አጥንት፣ ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ ብዙ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ «በይ እንግዲህ፣ የመንግሥት ወጌሻ ልትሆኚ ነዋ!» አሉኝ። ተናደድኩ። እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። የወጌሻን ሙያ ንቄ አይደለም፤ ያን ሁሉ ማብራሪያ በሁለት ቃል ጠቅልለው ስለመለሱልኝ ነው። ስሙ ግን ተጣበቀብኝ። ለመጨረሻው የተግባር ልምምድ ሞጣ ስመደብ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «ወጌሻዋ ሞጣ ሄደች» ይል ነበር።

ልምምዱ የሚዘጋው በአንድ ፈተና ነው። ከዩኒቨርሲቲው ፈታኝ ይመጣል፤ ለተፈታኟ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ታካሚ ይሰጣታል። በፈታኙ ፊት ትጠይቃለች፣ ትመረምራለች፣ በመጨረሻም የታዘዘችውን የእጅ ሕክምና ትሠራለች። ካልሠራች ወደቀች ማለት ነው። የወደቀ ደግሞ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። በእኛ ጊዜ ዙር ማለት መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ነበር። መንገድ ተዘጋ ሲባል ትምህርቱ ይቆማል፣ ተከፈተ ሲባል ይቀጥላል። አብረውኝ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት ወልደው፣ ልጃቸው መሮጥ ሲጀምር እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ፈታኛችንም ቀርቶ፣ ደግሞም ቀርቶ፣ ተስፋ ስንቆርጥ ነው አንድ ጠዋት አቧራውን እያራገፈ የደረሰው። በማግሥቱ ተመልሶ መንገድ እንደሚገባ ነገረን። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ማን ሊመጣልኝ ነው?

ጓደኞቼ ጠዋት ተፈትነው አለፉ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ምሳ አልበላሁም። በሩ ተከፍቶ ታካሚዬ ሲገቡ ሳይ ልቤ ይባስ ወረደ። ቄስ ናቸው። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጣም፣ በእጃቸው መስቀል፣ ከኋላቸው ባለቤታቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ኮስተር ያሉ፣ ቁርጥ አባቴን።

እግሬ ሳያማክረኝ ሄዶ ጎንበስ አልኩና «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ።

ፈታኙ ከእኛ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ከሩቅ አገር የመጣ መምህር ነው። ሰዓቱን አየና «ታካሚው እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ?» አለኝ። በመስኮት የሚያዩት ጓደኞቼ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

«ምን ሆነው ነው አባ?» ብዬ ጀመርኩ።

«አንገቴን ብርድ መታኝ ልጄ። ማሕሌት ቆመን ሳለ ያ ንፋስ ገባብኝ። አልዞር አለኝ።»

«መውደቅ፣ መመታት፣ ከባድ ዕቃ መሸከም የለም?»

«ኧረ ምንም። ብርድ ነው።»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። አይቻቸዋለሁ፤ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በእኛ አገር ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም፤ ቁርጠቱም ብርድ ነው፣ የወገብ ሕመሙም ብርድ ነው።

የእጅና የእግራቸውን ጉልበት ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። አንገታቸው ግን ወደ ቀኝ እምብዛም አይዞርም። ከዚያ በጀርባቸው እንዲተኙ ጠየቅኋቸው። ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጥምጣማቸውን ግራና ቀኝ ያዙና ቀስ ብለው ጋደም አሉ። ሲነሡም እንደዚያው። ጥምጣሙን ያውልቁ አላልኳቸውም። ቄስ በሰው ፊት ራሱን ገልጦ አይቀመጥም፤ አባቴም ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጥምጣማቸው እንዳይወድቅ ያዝ ሲያደርጉት እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚያ ክፍል የነበርን ሁሉ ያየነው ጥምጣሙን የሚጠብቅ ቄስ ነው።

«ጥሩ ነው» አለ ፈታኙ። «አሁን የላይኛውን የአንገት መገጣጠሚያ በፈጣን ግፊት ክፈቺው።»

ከተማርነው ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነበር። የሰውየውን ጭንቅላት በሁለት መዳፍ ይቀበሉታል፤ አንገቱን እስከሚችለው ድረስ ያዞሩትና አንድ አጭር፣ ፈጣን ግፊት ይሰጡታል። ቀጭ ይላል፣ የተያዘውም ይለቃል። ይህ ጤነኛ አጥንት ሲሆን ነው። አጥንቱ ስንጥቅ ካለበት ግን ሰውየው እጅና እግሩን ዳግመኛ ላያዝዝ፣ ወይም ከዚያ አልጋ ላይነሣ ይችላል።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለዚህኛው ጥምጣሙ መውለቅ አለበት» አልኩ።

ጥቂት አመነቱ። ከዚያ አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡና ለመተኛት ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ። ሁለት እጃቸው ተነሣ። ጥምጣም የለም፤ ያለው የተላጨ ራስ ብቻ ነው። እጆቻቸው ግን ያንኑ ቦታ ያዙ። ጭንቅላታቸውን እንደ እንቁላል ይዘው አወረዱትና ትራሱ ላይ አኖሩት።

መዳፎቼ ራሳቸው ሥር ገብተው ነበር። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መምህራችን ቆመው ያሳዩን ነገር ትዝ አለኝ፤ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ የሚተኛና የሚነሣ ሰው፣ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው።

«ቀጥዪ» አለ ፈታኙ።

«አልቀጥልም።»

ካሰብኩት በላይ ጮኼ ነው የተናገርኩት። መስኮቱ ላይ ያለው ሳቅ ቆመ።

«ምን ማለት ነው አልቀጥልም?»

«ራጅ ሳይነሡ አልነካቸውም።»

«ወድቄያለሁ ብለውሻል?»

«አላሉኝም።»

«ካላሳየሽኝ ውጤት ልሰጥሽ አልችልም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

ገብቶኛል። አንዱ ልቤ «ጥምጣም ሲይዙ የኖሩ እጆች ናቸው፣ ልማድ ይሆናል፤ ለዚህ ብለሽ ዓመትሽን ልትበዪ ነው?» ይለኛል። በፈታኙም፣ በቄሱም፣ በራሴም ተናደድኩ። ቁጣዬን አውጥቼ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን የሰው ጭንቅላት በእጄ ላይ ነው።

መዳፎቼን ሳላነሣ ወደ ጆሯቸው ዝቅ አልኩና ውጭ እንዳይሰማ አድርጌ «አባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ። እኔም የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴን አንዴ ከዝክር ሲመለሱ በቅሎ ጥላቸው ለማንም አልተናገሩም። የእርስዎ በቅሎ እንዴት ናት?» አልኳቸው።

ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«በቅሎዋ ምን አደረገች!» አሉ በመጨረሻ። «በቅሎዋስ ቆማ ጠበቀችኝ። ጠላው ነው እንጂ።»

ይሄኔ ባለቤታቸው ፈነዱ። «ከእርከኑ ተንከባለው በራሳቸው ነው ያረፉ! ይናገሩ ብላቸው፣ ብላቸው፣ ቄሱ ሰክሮ ወደቀ ይሉኛል ብለው እንቢ አሉኝ! እኔ ምን ላድርግ?» ብለው ጥምጣሙን ደረታቸው ላይ ጨብጠው አለቀሱ።

የፈታኙ ወንበር ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማሁ። መጥቶ መዳፎቹን ከእኔ መዳፎች ሥር አስገባና ጭንቅላታቸውን ተቀበለኝ። በዕቃ ክፍላችን የአንገት ድጋፍ አልነበረም። የጓንት ካርቶን ቀድጄ አጠፍኩና የሚጠቀልለው ጨርቅ ስፈልግ ዓይኔ ባለቤታቸው እጅ ላይ አረፈ።

«አባ፣ ጥምጣሙን ለአንገትዎ ላድርገው?»

«አድርጊው። ራስን የጠበቀ አንገትን አይጠላም» አሉ። ድምፃቸው ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ፈታኙ ይዞልኝ እኔ ጠቀለልኩ። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። እኔ የምለምነው ግራ የገባው ነገር ነበር። ስንጥቅ ቢገኝ ምስኪኑ ቄስ ተጎዱ፤ ባይገኝ እኔ በከንቱ ወደቅሁ። በዚያች ሰዓት የትኛውን እንደፈለግሁ መናገር አፍራለሁ።

ምስሉ ሲመጣ ፈታኙ ወደ ብርሃኑ አነሣው። ሁለተኛው የአንገት አጥንት ላይ ቀጭን መስመር ነበረች፤ የጭራ ፀጉር የምታህል። ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ምስሉን ለእኔ ሰጠኝና አምቡላንስ ሊያስጠራ በሩጫ ሄደ።

ወደ ባሕር ዳር ሲጫኑ መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ ፈለጉ፤ ግን መንቀሳቀስ አይችሉም። ግንባሬን ወደ እጃቸው አወረድኩ። መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም። ከወራት በኋላ አንገታቸው ድኖ ማሕሌት መቆማቸውን ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ግን የማውቀው መኪናዋ በአስፋልቱ ጠርዝ መሰወሯን ብቻ ነው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ፈታኙ ብቻውን ተቀምጧል።

«እኔም ጥምጣሙን የያዙ ነው የመሰለኝ» አለ።

«እኔም» አልኩ።

«ግን አላሳየሽኝም።»

ደሜ ፈላ። ከዚህ ሁሉ በኋላ! አፌን ልከፍት ስል ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና አልጋው ላይ ወጣ። «ነይ» አለ። «በእኔ ላይ አሳዪኝ።»

ፈራሁ። የቄሱን ጭንቅላት ክብደት እጄ ገና አልረሳውም ነበር። ሆኖም መቅረቤን ቀረብኩ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደማላውቀው ሰው ጠየቅሁት። «ወድቀው ያውቃሉ? ተመትተው ያውቃሉ? እጅዎን ይደነዝዝዎታል?» ሳይሰለች፣ ሳይቀልድ አንድ በአንድ መለሰልኝ። እኔ ግን አላመንኩትም።

«ይቅርታ፣ ተነሡና እንደገና ይተኙ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ተኛ። ያየሁት ፊቱን አልነበረም፤ እጆቹን ነው። ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ያኔ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፌ ተቀበልኩ፣ አዞርኩ፣ ገፋሁ።

ቀጭ አለ።

«አልፈሻል» ብሎ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። የሚያስለቅሰኝ ግን ያቺ ትንሽ ድምፅ ነበረች። ገፍቼ ቢሆን ኖሮ በቄሱ አንገት ላይም የምሰማው ያችኑ ነበር።