ወደ ዓዲ ጓዕዳድ የሚሄደው ጃዝ በሮማ

ከአስመራ በተነሳሁበት ማለዳ ቤተሰቡ ሲያለቅስ፣ የእናቴ ወንድም አኮይ ተስፋይ የተዘጋውን ሻንጣዬን ከፍቶ ስምንት ገጽ ኖታ ሸጎጠበት። አኮይ ሳክስፎን ይነፋል፤ የራሱ ባንድ አለው። ቃኘው ጦር ሰፈር ላሉት አሜሪካኖች የሰው ዜማ ሲጫወት ኖሮ፣ ይህ የመጀመሪያው የራሱ ድርሰት ነው።

«ጓለይ፣ ሮማ ባንድ ላለው ፒያኒስት ወዳጄ ስጪልኝ። አንዴ፣ እንደጻፍኩት ይጫወቱት። ሌላ አልፈልግም።»

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ኖታውን አገኘው።

«ግጥሙ የት አለ?»

«ግጥም የለውም ጌታዬ፤ ጃዝ ነው።»

«ስምንት ገጽ ሙሉ ምንም አይልም?»

«ዓዲ ጓዕዳድ ደርሶ መመለስን ነው የሚያሳየው።»

«እዚያ ማን አለ?» ድምፁ ከረረ። ያን ጊዜ በሸማቂዎቹ ምክንያት ከከተማ ወጣ ያለ መንደር ሁሉ ያስጠረጥር ነበር።

«የአጎቴ አማት። ሲሄድ እግሩን ይጎትታል፤ ሲመለስ ይሮጣል።»

ገጾቹን አንድ በአንድ ለባልደረባው አሳየው። ሁለቱም ባለትዳር ሳይሆኑ አልቀሩም፤ እየሳቁ ሰብስበው መለሱልኝ።

ሮማ ማኪያቶው የአስመራን አያክልም፤ ይህን የምጽፈው ከልቤ ነው። አከራዬ ሲኞራ፣ «ጣልያንኛ የት ተማርሽ?» ትለኛለች። ቤታችን ድረስ መጥታችሁ አስተማራችሁን እላታለሁ፣ በሆዴ።

ኖታውን ለፒያኒስቱ ሰጠሁት። ከባንዱ ጋር በአንድ ክለብ የተጫወቱት ዕለት ሙዚቃው ገና ሲጀምር እንደ ማኪና ሮጠ። ደነገጥኩ። መመለሱ ከመሄዱ ፊት ገብቷል። አኮይ ገጾቹን ቁጥር አልጻፈባቸውም፤ የባንዱ ልጆች በጆሮ ስለሚይዙ አስፈልጎት አያውቅም። ፈታሾቹ ሲሰበስቡ ደባልቀዋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ኖታ ማንበብ አልችልም። ዜማውን ግን አውቀዋለሁ። ተነስቼ አቁሙ ማለት ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? አልተነሳሁም።

እሑድ ከፖስታ ቤት ለአኮይ ደወልኩ።

«ሓቂ ንገሪኝ፤ እንደጻፍኩት ተጫወቱት?»

ነገርኩት።

«ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ቀስ እያለ ሄደ። በዚያው ቀረ።»

«ሰዉስ?»

«ማጨብጨብ ረሳ። አንዲት ሴት መሐረብ አወጣች።»

«ይቺ አማቴ» አለ ብዙ ከሳቀ በኋላ፣ «ሮማን አስለቀሰች። እንግዲህ እኔም እንደዚያው አደርገዋለሁ። ቆይ፣ እናትሽ እጄን እየጎተተች ነው።»

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

እዚህ ዝናብ እንደበዛ አወራኋት።