መቶ ሃያ በሰማንያ

አባቴ ከአቦምሳ እህል ጭኖ ሲመለስ መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ነበር። ያኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቁመቷ የአባቷ፣ ቁጣዋ የአባቷ፣ አረማመዷ ሳይቀር የአባቷ እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እኔን እያዩ "ቁርጥ አባቷን" ባሉ ቁጥር የእናቴ ፊት ይለዋወጥ ነበር። ምን እያሰበች እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አርባው ሲያልፍ አጎቴ ከአዳማ የቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ይዞ መጣ። "ከእንግዲህ ሰው ሳይለካ አይሙትብን" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተለካሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ቦርሳዬን ሳላወርድ።

እናቴ የምታውቀው ቁጥር አንድ ነው፤ መቶ ሃያ በሰማንያ። ከየት እንደሰማችው አላውቅም፣ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። ለእሷ ይህ የጤነኛ ሰው ሁሉ ልክ ነው፤ ሰባ ዓመት ይሁነው ሰባት ለውጥ የለውም። ጠዋት መለኪያው ዘጠና ሁለት ሲል "ወረደብሽ" ትልና ጨው የበዛበት ሾርባ ታስጠጣኛለች። ከሰዓት መቶ ሠላሳ ሲል "ወጣብሽ" ትልና ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ትግተኛለች። በአንድ ቀን ሁለቱንም የጠጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የክፍሌ ልጆች ነጭ ሽንኩርቱን ከሩቅ ያሸቱት ነበር።

የሚወርደውና የሚወጣው ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ ለትልቅ ሰው ክንድ የተሠራ ነው፤ የእኔን ቀጭን ክንድ ዞሮ ዞሮ ገና ይተርፈዋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ከሰዓት ደግሞ ዳገቱን ሮጬ ወጥቼ ነው የምገባው። በሩን ስከፍት ትቆጣኛለች፣ ጨርቁን እየጠቀለለች ትቆጣኛለች፣ ማሽኑ እያጉረመረመ ክንዴን ሲያንቀኝም ትቆጣኛለች። እኔም እመልሳለሁ። እንዲህ ተጨቃጭቀን የወጣውን ቁጥር ነው የአባቴ በሽታ ያልነው።

በዚያው ሰሞን የስፖርት መምህራችን በቆጂ ለሚደረግ የትምህርት ቤቶች ሩጫ መረጠኝ። የበቆጂ ልጆች ማለት መቼም የሚታወቅ ነው፣ እናሸንፋለን ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ግን መሄድ ፈለግኩ። ከቤታችን ጥቁር ልብስና ከዚያ ማሽን ለአንድ ቀን መራቅ ፈለግኩ። እናቴ ስትሰማ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። "ይቺ ልጅ ግፊት አለባት፣ ሮጣ ብትወድቅ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት" አለችው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አሮጊቷ ሆነ። ግፊት የአሮጊት ነዋ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት። ሩጫ የለም፣ ገመድ ዝላይ የለም፣ ውኃ መቅዳት እንኳ የለም። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ጓደኞቼ ዳገቱን ሲወጡ ሲወርዱ አያለሁ። ደመናው ከጭላሎ ላይ ይወርድና ቤቱን ያጨልመዋል። እናቴን የጠላሁበት ጊዜ ነበር። በሩ አይቆለፍም፤ እሷ ግን በሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ የሽሮ አተር ትለቅም ነበር።

የገላገለኝ መምህሩ ነው። "እንግዲያው ሐኪም ይያትና ሐኪም አትሩጥ ካላት እተዋለሁ" አላት። እናቴ ደስ ብሏት እሺ አለች፤ ሐኪሙ ለእኔ ይፈርድልኛል ብላ ነው።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ በመጀመሪያ ከግድግዳ ጋር አስጠግታ ቁመቴን ለካች።

"ሲስተር፣ ለደም ግፊት ቁመት ምን ይሠራል?" አለች እናቴ።

"የልጅ ግፊት ያለ ቁመት አይነበብም፣ እናቴ" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ "ኢንተላ ኮ፣ ታኢ"፣ ልጄ ተቀመጪ፣ ብላ ወንበር አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። እግሬን መሬት አስረገጠችኝ፣ ጀርባዬን አስደገፈችኝ፣ ከመሳቢያ ውስጥ ትንሽ ጨርቅ መርጣ አወጣች። እናቴ ስለ አባቴ መናገር ስትጀምር በትሕትና "ትንሽ ዝም እንበልላት" አለቻት። ዝም ተባለ። በቤታችን ከለቅሶው ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልነበረም፤ እንቅልፌ መጣ።

"መቶ አራት በስልሳ ሁለት" አለች ነርሷ።

"ወርዶባታል" አለች እናቴ፣ ብድግ ብላ።

"አልወረደም። ልክ ነው።" ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አሳየቻት። አስራ ሦስት ዓመት እስኪሞላ የልጅ ጤነኛ ግፊት በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት እንደሚለያይ፣ ልጅ ባነሰ ቁጥር ልኩም እንደሚያንስ፣ መቶ ሃያ በሰማንያ የሚባለው ድንበር ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ ነገረቻት። "ያኔም ቢሆን ከእሱ በታች መሆን ነው ጤና፣ እሱ ላይ መድረስ አይደለም። ከፍ ቢልም በአንድ ቀን ልኬት በሽታ አይባልም፤ በሌላ ቀን፣ ደግሞ በሌላ ቀን ይታያል።"

"ብትሮጥስ?"

"ትሩጥ። የአባቷ ነገር የሚያሳስብዎት ከሆነማ ይበልጥ ትሩጥ። ጨዉን ነው የሚቀንሱላት።"

እናቴ ሾርባው ትዝ ብሏት መሰለኝ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ትልቁን ጨርቅ አንስታ "እርስዎስ ተለክተው ያውቃሉ?" አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ "እኔ ደህና ነኝ" አለችና ቀድማኝ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ነበረኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ብርዱ ይገባል። ደፉ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር እናቴ መለኪያውን ይዛ መጣች። ልጮህባት አፌን ስከፍት እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

"ለኪኝ" አለች።

ነርሷ እንዳደረገችው አስቀመጥኳት፣ እግሯን አስረገጥኳት፣ ዝም አልን። ጨርቁ ለእሷ ክንድ ልክክ አለ። ቁጥሩን አይቼ አላመንኩም፣ ትንሽ አሳርፌ ደገምኩት። መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት።

"ስንት አለ?" አለችኝ ዓይኗን ጨፍና።

መቶ ሃያ በሰማንያ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

"ራሴን ካመመኝ ቆይቷል" አለች። "ተለክቼ ካወቅኩት አንቺን ማን ያሳድግልኛል ብዬ ፈርቼ ነው።" ከዚያ እጅጌዋን አወረደችና "በይ ሂጂ፣ መምህርሽ ይጠብቅሻል" አለችኝ።

ጫማዬን ፈታሁ። ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። በቆጂ ሳልሄድ ቀረሁ፣ ማንም ግን አልከለከለኝም፤ እንዲያውም እናቴ ተቆጥታ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር ደርሶኝ አልሄድም ስልም ተቆጣች፣ እኔ ግን ከእሷ ሳልርቅ እዚሁ አሰላ ለመማር አመለከትኩ።

መድኃኒቷን አታቋርጥም፣ ግፊቷም ረግቷል። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እለካታለሁ። "አንቺ ልጅ፣ አሰርሽኝ እኮ" ትለኛለች። ክንዷን ግን ትሰጠኛለች፤ እኔም ማሽኑ እያጉረመረመ ቁጥሩን እስኪያወጣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።