ወፏ የጠራችው ስም

በእኛ ቀበሌ ከብት ከጠፋ ከፖሊስ በፊት የሚጠራው አውጫጭኝ ነው። ላላየው ሰው ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ የደረሰብኝ ነገር አይገባውም። ከሮብ ገበያ ሽቅብ፣ ወደ ጮቄ ስትወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች አንድ መስክ አለ። ወንድ የተባለ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎቹ ሦስት ሰው መርጠው ከኮሶው ዛፍ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ከዚያ እያንዳንዳችን በየተራ እንሄዳለን። ያወቀ ለሦስቱ በሹክሹክታ ይናገራል፣ ያላወቀ «አላውቅም» ብሎ ይመለሳል። የጠቆመው ሰው «ወፍ» ይባላል። ስሙ አይወጣም፤ ሦስቱም ለማንም ላይናገሩ ይምላሉ። ሌባው ተጠርቶ እስኪያምን ወይም ዋስ እስኪጠራ መስኩን ለቆ መሄድ የለም፤ ከመሸም ለማደር ብቻ ይለቀቅና በነጋታው እንደገና መሰብሰብ ነው።

«አስተዋይ ሥርዓት ነው፣ ደሀው ጉልበተኛውን ሳይፈራ ይጠቁምበታል» ይላሉ። እኔም እንዲሁ እል ነበር፤ ምላሴን በቆረጠው!

ስለ መልኬም ሳልወድ መናገር አለብኝ። በደብራችን ሰው ቀይ ነው፣ ቀይ ዳማ ነው፣ ጠይም ነው። ጥቁር የምንባለው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። እናታችን ብቻ «ጠይሞቼ» እያለች ታቆላምጠን ነበር፣ ነፍሷን ይማር። አያታችንን ድሮ አንድ ባላባት ነው ከቆላ ያመጣው። «አመጣው» ነው የሚሉት፤ ሲገዙት ያላፈሩትን ሲናገሩት ያፍራሉ። እኛ ግን እዚሁ ተወለድን፣ እዚሁ ክርስትና ተነሣን፣ እዚሁ አገባን፣ የማኅበሩን ጽዋ እንጠጣለን። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በክፉም በደጉም እንጠራራለን። ይሁን እንጂ ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ ቀድሞ የት እንደሚያርፍ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን የአንድ ባለጸጋ ሽማግሌ በቅሎ ጠፋች። አውጫጭኝ ተጠራ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም «አላውቅም» ብሎ መሸ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ደመና ቆመ። የደረሰ ገብስ ላይ በረዶ ከወረደ ምን እንደሚተርፍ ገበሬ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ወንድ ሽማግሎቹን ትቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። አንዱ «ኧረ ሰብላችን አለቀ!» ይላል፤ ሌላው «ማንም ይሁን፣ ይጠራና እንሂድ» ይላል። ይቺን «ማንም ይሁን» የምትል ቃል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ እኔም ስለ ገብሴ እያሰብኩ ራሴን ነቅንቄላታለሁ።

ዙሩ እንደገና ተጀመረ። ሲያልቅ ሰብሳቢው ሽማግሌ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ወፍ ነግራናለች» አሉና ስሜን ከነአባቴ ጠሩት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። በቅሎ! ምን ላደርግባት? ተቀምጬባት የት ልሄድ? ዞር ብዬ ሳይ ግን የሚስቅ የለም። ሰው ሁሉ በትሩን ይዞ ተነሥቷል፤ ሊመታኝ አይደለም፣ ወደ ገብሱ ሊሄድ ነው።

«አልወሰድኩም!» አልኩ። «ማን ነው ያየኝ? ፊት ለፊቴ ይቁም!»

«ወፍ ፊት የላትም» አሉ ሰብሳቢው። «እመን፣ ወይ ካድ።»

«ክጃለሁ!»

«እንግዲያው ነገሩ አላለቀም። ተቀመጡ።»

ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ተቀመጠ። የልጄ የክርስትና አባት፣ የምወደው አበልጄ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በጆሮዬ «አፈር ስሆን፣ እመንላቸው» አለኝ። «አንተ እንዳልወሰድክ አውቃለሁ። አዋጥተን እንከፍልልሃለን። ብቻ በረዶው ሳይመጣ እንግባ።» እንዳልወሰድኩ እያወቀ! ከጠሉኝ ሰዎች ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ። ብክድ የአገሩ ሰብል በእኔ ምክንያት ሊያልቅ ነው። ባምን ደግሞ ልጆቼ እስከ ልጅ ልጅ የሌባ ዘር ሊባሉ ነው፤ የባሪያ ዘር የሚለው አንሶ። እኔ ሀብት የለኝም፤ ያለኝ ስሜ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?

አላመንኩም። በመጨረሻ የተለቀቅነው ወንድሜ ተነሥቶ «ዋሱ እኔ ነኝ፤ እስከ ፋሲካ ካልተለየለት ሁለቱን በሬዎቼን ውሰዱ» ሲል ነው። ከዚያ ሁሉ ወንድ አፉን የከፈተልኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ ለጠላቴም አልመኝ። ወንፈል አለን፤ ተራ በተራ አንዳችን ለአንዳችን የምንሠራበት። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ታመመ። አንዱን ወገቡን፣ አንዱን ሆዱን፣ አንዱን አማቱን አመመው። ገብሴን ያጨድነው እኔና ሚስቴ፣ ወንድሜና ሚስቱ ብቻ ነን፤ ግማሹን በረዶው ቀደመን። ሚስቴ ምንጭ ስትወርድ ወሬ ይቆማል። ልጄ ከትምህርት ቤት «በቅሎ» የሚል ቅጽል ስም ይዛ መጣች፤ ያን ቀን እራት አልበላችም።

የባሰው ግን የእኔ ዓይን መበላሸቱ ነው። ቅዳሴ ቆሜ የሰው ማጅራት አያለሁ፤ «ይሄ ይሆን? ያኛው ይሆን?» እላለሁ። ሰላም የሚለኝን «ህሊናው ወቅሶት ነው» እላለሁ፣ ዝም የሚለኝን «አፍሮ ነው» እላለሁ። እነሱም እርስ በርስ መጠርጠር ጀመሩ። ወፏ ማን እንደሆነች የማያውቅ ሁሉ ነገ እኔን ትጠራለች ብሎ ይፈራል። መንገድ ላይ ቆሞ መጫወት ቀረ። ከብቱን በጋራ ያሰማራ የነበረው ለየራሱ ያዘ። አገሩ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ብሄድም ብመጣም እዚያ መስክ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ጭንቅ፣ ጭንቅ ይለኛል።

ከጥምቀት በኋላ በቅሎዋ ተገኘች። ከጉንደ ወይን ወዲያ ፖሊስ ከሩቅ የመጡ የከብት ሌቦችን ከነዘረፉት ይዞ ኖሮ፣ የባለጸጋው ልጅ ሄዶ ለይቶ አመጣት። ሌቦቹም አምነዋል። ስልክ ደውሎ የነገረኝ ወንድሜ ነው። «ወንድምዓለም፣ ነጻ ወጣህ!» እያለ ሲጮህ ጆሮዬ ሊበጠስ። ሁለታችንም በስልክ አለቀስን።

በሳምንቱ ሽማግሎቹ ባለጸጋውን አስከትለው ደጄ ቆሙ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ሰብሳቢው። «በል እንግዲህ ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በል።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው?»

«ሁላችንንም።»

«ሁላችሁ አልጠቆማችሁኝም። አንድ ሰው ነው። እሱ ይምጣና ይቅር ልበለው። ሦስቱ ያውቁት የለ?»

«ምለዋል። የወፍ ስም አይወጣም ልጄ።»

«የእኔ ስም እንዴት ወጣ ታዲያ?»

ሽማግሌ ሲለምን እምቢ ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ትናንት ያልሰረቅሁ ሌባ ነበርኩ፤ ዛሬ ደግሞ ልበ ደንዳና ሆንኩ። ጉድ እኮ ነው! ሚስቴ እንኳ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ «ተው በቃ፣ እንኑርበት» አለችኝ። ይቅር ካልኩ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ነገሩ ከተዘጋ ደግሞ ስሜ እዚያው ውስጥ ተዘግቶበት ሊቀር ነው። «እሳት ከሌለ ጭስ የለም» የሚል እኮ መቼም አይጠፋም፤ በቅሎዋ ከተመለሰች በኋላም ሲባል ሰምቻለሁ።

በንዴት ደብረ ማርቆስ ወረድኩ፣ ስም ማጥፋት ብዬ ልከስ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ኮምፒውተር ይዞ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ታሪኬን በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ተከሳሽ ማን ልበል?» አለኝ።

«ወፍ።»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። «ወንድሜ፣ ለወፍ መጥሪያ ማን ያደርሳል?» አለ። ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ።

በመኪና ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንደደረስኩ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እታረቃለሁ አባ» አልኳቸው። «ግን አውጫጭኝ ይጠራልኝ። በሐሰት የጠቆመኝ ወፍ ይውጣልኝ።»

«በወፍ ላይ አውጫጭኝ ተቀምጦ ያውቃል ልጄ?»

«በቅሎ ያልነካ የበቅሎ ሌባስ ታይቶ ያውቃል አባ? ይፍቱኝ፣ አፌ ክፉ ነው።»

ሽማግሎቹ ሲመክሩ ሰነበቱ። በኋላ እንደሰማሁት የተስማሙት ይገባዋል ብለው አይደለም። ይሄ ሰው እንዲህ ቂም እንደቋጠረ ከቀረ አንድ ቀን መሣሪያ ያነሣል ብለው ፈርተው ነው። እኔ ጠመንጃ እንኳ የለኝም!

ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሰው ሁሉ ባዶ ሆዱን መጣ። ከዛፉ ጀርባ ሌሎች ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ የፊተኞቹ ምለዋልና ከእኛው ጋር መስኩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ቅመሷት!» አልኩ በልቤ። ዙሩ አልቆ ሁሉም «አላውቅም» ሲል፣ እንደገና ተጀምሮ እንደገና ሲያልቅ፣ ፀሐይዋም ስታዘቀዝቅ ግን ደስታው ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። ያው እኔም አብሬ ተቀምጫለሁ። ያን ሁሉ ሰው እዚያ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ልፍታቸው ብል ደግሞ ስሜን እዚያው ጥዬ መግባቴ ነው። አበልጄ ሲያልፍ «አንተ ሰው፣ የሰው ፊት አይገርፍህም?» አለኝ። ከኋላዬ «ማንም ይሁንና እንግባ» ሲባል ሰማሁ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ።

ሰብሳቢው ተነሡ። «ወፍ ነግራናለች» አሉ። «አንተን በሐሰት የጠቆመህ ሰው...» አሉና የወንድሜን ስም ጠሩ።

ወዲያው ገባኝ ብል ደስ ባለኝ። የገባኝ ቆይቶ ነው። ሌላ ሰው ቢጠሩ ደም ይመጣል ብለው ፈርተዋል፤ የወንድማማች ጠብ ግን እቤት ውስጥ ያልቃል። ደግሞም ጥቁር ሁለት ነን፤ አንዱ ካልሆነ ሌላው አለ። በዚያች ሰዓት ግን ያደረግሁት ዞር ብዬ የወንድሜን ፊት መመርመር ነው። የዋሴን ፊት! «በሬዎቹን ያስያዘው ለካ ጥፋቱን ሊሸፍን ኖሯል?» የሚል ሐሳብ ውልብ አለብኝ። ለአፍታ ነው። እሱም እያየኝ ነበር።

«እኔ?» አለ ወንድሜ። ሰው ሁሉ በትሩን እያነሣ ነው።

ዘልዬ ተነሣሁ። «ወፏ እኔ ነኝ!» አልኩ።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ራሴን የጠቆምኩት እኔው ነኝ! ያን ቀን ደመናውን አየሁና፣ ያገሬ ሰው ሰብሉ ከሚያልቅ ብዬ የራሴን ስም ሰጠሁ። ወንድሜ የለበትም። በሉ ግቡ፣ እህል ቅመሱ።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አሽሙር መሆኑን ጡት ያልጣለ ልጅ እንኳ ይረዳዋል፣ ያፍራሉ፣ አንዱ ተነሥቶ «ኧረ ይሄስ ግፍ ነው» ይላል ብዬ ነበር። ያን የደመና ቀን ከዛፉ ጀርባ የነበሩት ሦስቱ ሰዎች እኔ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት አዩ። ሰብሳቢው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «እንግዲህ ወፏ ተገኘች፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። አባም መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩን። ሰው ጋቢውን እያራገፈ ተነሣ። አበልጄ ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ደረስኩበትና ልቀልድ ብዬ «ይኸው አዳንኩህ አይደል?» አልኩት።

ቆመ። «አዎ፣ አድነኸኛል» አለ። «መጀመሪያ ግን አየኸኝ።»

ይኸው እስካሁን አልተጣላንም። ወንፈሉም ተመልሶልኛል፤ ሰዉም «ራሱን የጠቆመው እብድ» እያለ ይስቅብኛል እንጂ ሌባ አይለኝም። ወንድሜም በሬ ሲጎድለኝ በሬውን ነድቶ ይመጣል። ግን ያ ሳያስፈቅድ ዘው ብሎ ገብቶ ጠላ ከማሰሮዬ የሚቀዳው ልጅ፣ የእናቴ ልጅ፣ አሁን እንደ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ወጥቼ «ግባ እንጂ!» እለዋለሁ። ካላልኩት አይገባም።