ከሄሊኮፕተር ጋር ነጠላዋን የቋጠረችው

ይሄን መጀመሪያ ያጫወተኝ ሸዕባን ነው፣ በአህያ ጨው ጭኖ ብልባላ ገበያ የሚወጣው። ሸዕባን «ወላሂ» ካለ አይዋሽም፤ እኔም አንዴ የሰማሁትን አልጥልም። ፊደል የቆጠሩት ጽፈው ጽፈው ወረቀቱን ያጡታል፣ እኔ ዘንድ ግን አንዲት ቃል አትወድቅም።

ወለተ ሩፋኤል ብልባላ አጠገብ የምትኖር ባልቴት ነች። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ታኅሣሥ፣ የባሏን ተዝካር ልታወጣ ገብሷን ወቅታ፣ አዝርታ፣ አውድማው መሃል ከምራዋለች። ያ ገብስ ጠላ ካልሆነ ተዝካር የለም፤ ተዝካር ከሌለ ደግሞ አገር ምን ይላል? «ባሏን አፈር አልብሳ ረሳችው» ይላታላ!

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ በሄሊኮፕተር እየዞረ ገደሉን፣ መንደሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ ከላይ ፎቶ ያነሳል። ከሰማይ ሲያዩት ቤተ ጊዮርጊስ መሬት ውስጥ የተቀመጠ መስቀል ነው አሉ። ይሄን እኔ ሳልበርም አውቀዋለሁ! የተፈለፈለው ለእግዜር ዓይን እንጂ ለእኛ መች ሆነና። ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ላስታ ውስጥ ሜዳ የት አለ? ሰውዬው ማረፊያ ሲፈልግ ያገኘው ያንን የወለተ ሩፋኤልን አውድማ ነው። እኛ ጫማችንን አውልቀን የምንገባበት አውድማ! የማሽኑ ነፋስ ገብሱን ጠራርጎ ገደል ከተተው።

ሌላ ሴት ብትሆን ፊቷን ትነጭ ነበር። እሷ ክንፉ ዝም እስኪል ጠበቀች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አንዱን ጫፍ ከሄሊኮፕተሩ እግር፣ ሌላውን ከወገቧ ቋጠረች።

«በሕግ አምላክ! ተቆራኝተናል!»

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄደው፤ ዳኛ ሳይፈርድ ቋጠሮ አይፈታም።

ከወረዳ አብሮ የመጣው፣ ደግሰው የሚሉት አስተርጓሚ ዘሎ ወረደ። «እማማ፣ ይፍቱት እንጂ! በመንግሥት ፈቃድ የመጣ ሰው ነው!»

«መንግሥት ገብሴን በትን ብሎ ፈቀደለት?»

«ኧረ ይሄ በሬ አይደለም፣ ይዞዎት ይነሳል!»

«ይነሳ! ደርግም በአየር መጥቶብኝ ከዚች መሬት አልነቀለኝም።»

ሰው ተሰበሰበ። ሸዕባንም አህዮቹን አቁሞ ያያል። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ተጠርተው ለዳኝነት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ያህል ነበር፣ ልጄ?»

«ሦስት ጭነት፣ መሪጌታ።»

ደግሰው ሳቀ። «ውሸቷን ነው! ሦስት ቁና ቢሆን ነው። ፈረንጅ አየች አይደል?»

ምስክር ቢፈለግ ጠፋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየአውድማው ነበር። ነገሩ ለመሐላ ሲደርስ ፈረንጁ «ምንድን ነው የምትባባሉት?» ብሎ ጠየቀ። ደግሰው እያቅማማ ነገረው። ሰውዬው ካሜራውን አወጣና ከጀርባው ባለችው መስታወት ፎቶ አሳያቸው፤ ከማረፉ በፊት ከላይ ያነሳውን። አውድማው እንደ ሞሰብ ክዳን ክብ ብሏል፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ክምር አለ፣ ከክምሩ አጠገብ በሬ ተኝቷል። ክምሩ ከበሬው ይገዝፋል!

መሪጌታ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ዕቃ በጌታው ላይ መሰከረ። ሦስት ጭነት!» ብለው ፈረዱ።

ፈረንጁ ብር መዘዘ።

«ብር አይጠመቅም» አለች። «ገብስ ወስዷል፣ ገብስ ያምጣ። የወሰደው ማሽንም ራሱ ተሸክሞ ያምጣው።»

ነጠላዋን የፈታችውም ካሜራውን በመያዣነት ተቀብላ ነው። አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አውድማው ዳር ተቀምጣ ጠበቀች። ማሽኑ ኩልመስክ ገበያ በሮ ገብሱን ገዝቶ ተመለሰ። አሁን ግን ራቅ ብሎ ጠፍ መሬት ላይ አረፈ። ፈረንጁና ደግሰው ጆንያ እየተሸከሙ መጡ፤ አውድማው አፍ ሲደርሱ ፈረንጁ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ካሜራውን ያኔ መለሰችለት።

ተዝካሩ ወጣ። ጠላው እንዴት ያለ ጠላ መሰላችሁ! ደግሰውም መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ከፊቷ ቆመ።

«እማማ፣ ያኔ ውሸታም ያልሁዎትን ይማሩኝ።»

ዋንጫውን ሞልታ ሰጠችው። «ፈረንጁ ከፍሏል፣ ተፋተናል። አንተ ግን የአገሬ ልጅ ሆነህ በሰው ፊት ውሸታም አልከኝ። አልማርኩህም። ጠላውን ጠጣ፣ እሱ የሟች ነው። ያንተ ዕዳ ግን እኔው ዘንድ ይቀመጣል።»